ለኮምፒዩተር የተላኩ ሽማግሌዎች

ሩቲ የክርስትና ልጄ ናት። ክርስትና ያነሣኋት እኔ ስለሆንኩ ነው መሰለኝ፣ ከእናት ከአባቷ የተደበቀ ነገር ሁሉ መጥቶ የሚራገፈው እኔ ላይ ነው። አንድ ማክሰኞ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት እሷ ናት። ፊቷን አይቼ ወይ ፈተና ወድቃለች ወይ አርግዛለች አልኩ በሆዴ። ሁለቱም አልነበረም።

«እትዬ ጠጂ፣ ለአባዬ ሽማግሌ ላኪልኝ» አለችኝ።

እኔ ጠጂቱ ሴንት ጄምስ ታውን የሚባለው ሰፈር ከገባሁ ጀምሮ ያልሰማሁት ጉድ የለም። የምሠራውም አረጋውያን መጦሪያ ስለሆነ የሰው ጉድ ስሰማ ነው የምውለው። ሴት ልጅ ራሷ በገዛ አባቷ ላይ ሽማግሌ ስትልክ ግን ያን ቀን ገና አየሁ።

«ማነው ልጁ?» አልኳት ቀስ ብዬ።

«ልጅ የለም። ኮምፒዩተር ነው» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሩቲ ኮሌጅ ነርሲንግ ትማራለች። ኮሌጁ ደግሞ በኮምፒዩተር ጨዋታ የሚወዳደር ቡድን አለው። ጨዋታ ሲባል እኔ የልጆች ነገር መስሎኝ ነበር። እሷ እንዳስረዳችኝ ግን አሠልጣኝ አላቸው፣ ማሊያ አላቸው፣ አምስት ሆነው ከሌላ ኮሌጅ አምስት ጋር እየተታኮሱ ይጋጠማሉ። ከአምስቱ የአንዱ ቦታ ተለቋል። ሩቲ ደግሞ ጎበዝ ናት፤ ይህን ራሷ አልነገረችኝም፣ በኋላ ነው ያወቅኩት። ችግሩ ላፕቶፗ ነው። ያ ላፕቶፕ ሲሞቅ እንቁላል ይጠብሳል። ባለፈው ልምምድ ላይ መሀል ውጊያ ላይ ደርቆ ቀረና ቡድኑን አስበላ። ካፒቴኑ ሊዮ የሚባል ልጅ ነው፤ በቀጥታ ነገራት። የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ፈተና አለ፣ በዚህ ላፕቶፕ ከሆነ ግን አትምጪ፣ ቦታውን ለሌላ እንሰጣለን አላት።

«ገንዘብ ነው የቸገረሽ?» አልኳት።

«ኖ፣ ከፋርማሲው ሥራዬ ሴቭ አድርጌያለሁ። ፐርሚሽን ነው። አባዬን አስክ አድርጌው ኖ አለኝ።»

«ምን ብሎ?»

«ከዚህ ቤት የጨዋታ ዕቃ አይገባም ብሎ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«ኦኬ አልኩ።»

ይኸው ነው እንግዲህ የአባትና የልጅ ወጋቸው። አባቷ ዘርይሁን ይሰብካል፣ ሩቲ «ኦኬ» ትላለች። ዘርይሁን ይመክራል፣ ሩቲ «ፋይን» ትላለች። እዚያ ቤት እራት በበላሁ ቁጥር እታዘባለሁ፤ ልጅቷ ከእኔ ጋር እንደዚያ ስትለፈልፍ፣ እሱ ሲገባ አፏን ሸረሪት ያደራበት ይመስላል። እሱም ጨዋነት ይመስለዋል። «ልጄ ቁጥብ ናት» ይላል ለሰው።

«ገንዘቡ ካለሽ ለምን ገዝተሽ ዝም አትይም? እኔ ጋ አስቀምጪው» አልኳት። ኃጢአተኛ ነኝ፣ አልክድም።

«መደበቅ አልፈልግም፣ እትዬ ጠጂ። እሺ እንዲለኝ ነው የምፈልገው» አለች። አንጀቴን በላችው።

ደግሞ ብልጠቷን ተመልከቱ። አባቷ ዘርይሁን የኤርፖርት ታክሲ ነው የሚነዳው፤ እውነተኛ ሥራው ግን ሽማግልና ነው። እዚህ ከተማ ካለው ሐበሻ ግማሹን የዳረው እሱ ነው ቢባል ብዙ አልተዋሸም። ስካርቦሮ ሽማግሌ ሲያስፈልግ እሱ ነው፣ ሬክስዴል ባልና ሚስት ሲጣሉ እሱ ነው። እያንዳንዱ ሰርግ ላይ ማይክ ይዞ «ሽማግሌ የሚመልስ ሰው፣ ሰው አይባልም» ይላል። ሩቲ ይህን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትሰማ ነው ያደገችው። አሁን በራሱ ገመድ ልታስረው መጣች።

ሽማግሌ ሦስት ካልሆነ አያምርም። የመጀመሪያው ጋሽ ባስልኤል ናቸው፤ ዕድሜ ጠግበዋል፣ ዘርይሁን እንደ አባት ነው የሚያከብራቸው። ስነግራቸው ብዙም አልገባቸውም፤ «ለልጅቱ ደስታ ከሆነ እሄዳለሁ፣ ጉልበቴ እስከፈቀደ» አሉኝ። ሁለተኛው ኪሩ ነው፤ ሬክስዴል ባለው ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ኮምፒዩተር እየገጣጠመ ይሸጣል። ከሙሽራው ወገን አንድ ሰው አይጥፋ ብዬ ነው የጨመርኩት። ሦስተኛ ወንድ ስፈልግ አንዱ ሺፍት አለብኝ፣ ሌላው ልጅ ላደርስ ነው ሲል፣ ተናደድኩና ራሴ ገባሁበት። ሴት ሽማግሌ አይሆንም የሚል ካለ መጥቶ ያስወጣኝ።

ደንቡ ነውና ጋሽ ባስልኤል ለዘርይሁን ደውለው «እሑድ ከሰዓት ለጉዳይ እንመጣለን» አሉት። ጉዳዩ በስልክ አይነገርም። ችግሩ የተፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ሃያ ዓመት የሞላት ልጅ ያለችው ሰው «ለጉዳይ እንመጣለን» ሲባል ምን ሊያስብ ይችላል? አንድ ሰዓት ሳይሞላ እኔው ጋ ደወለ።

«ጠጂ፣ አንቺ የክርስትና እናቷ ነሽ። ማነው?» አለኝ።

«እሑድ ይታወቃል» አልኩት።

«ቢያንስ የማን ልጅ እንደሆነ ንገሪኝ።»

«እኔ ምኑን አውቄ» አልኩና ስልኩን ዘጋሁ። ቀጥሎ ሚስቱ ጸሐይወርቅ ደወለች። እሷ ደግሞ ልጁን ትታ የጠየቀችኝ ኬኩ ቸኮሌት ይሁን ቫኒላ የሚለውን ነበር።

እሑድ ደረሰ። ሦስታችን ሊፍት ውስጥ ስንቆም ኪሩን አየሁትና ደሜ ፈላ። ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ጂንስ ለብሷል። «ይህ ምንድን ነው?» ስለው «ስታይል ነው» አለኝ። ጋሽ ባስልኤል ኮታቸውን አውልቀው አለበሱት፤ እጅጌው ክርኑ ጋ ቀረ።

ዘርይሁን በሙሉ ሱፍ፣ ክራቫት አሥሮ በሩን ከፈተ። ቤቱ ተወልውሎ ያበራል። ጠረጴዛው ላይ ኬኩ አለ፤ ሁለት ነው፣ ቸኮሌትም ቫኒላም። የሩቲ መኝታ ቤት በር ገርበብ ብሏል፤ ከጀርባው ማን እንዳለ አውቃለሁ። ዘርይሁን መጀመሪያ ጋሽ ባስልኤልን ሳመ፣ ቀጥሎ እኔን፣ ኪሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከራስ ፀጉሩ እስከ ጉልበቱ ቀዳዳ ድረስ አየው። ሙሽራው ራሱ ከሽማግሌ ጋር መጣ እንዴ የሚል ፊት ነበር።

«ተቀመጡ እንጂ» አለን።

«አንቀመጥም፤ ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ባስልኤል። ይህ ደንብ ነው። ዘርይሁንም ራሱ በሌላው ቤት የሚለው ይህንኑ ነው።

ከዚያ ንግግራቸውን ጀመሩ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው ቢባል እቀበላለሁ፤ ምን እንደሚሉ ቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ። ጋሽ ባስልኤል በሕይወታቸው የሚያውቁት የሽማግሌ ንግግር አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የጋብቻ ነው። ያንኑ ከላይ ጀምረው አወረዱት። «የተከበርክ ዘርይሁን፣ የተከበርሽ ጸሐይወርቅ፣ ደጃችሁን የረገጥነው ለክፉ አይደለም። ያሳደጋችኋት ልጅ የታነጸች፣ የተመሰገነች ናት። የመጣንለትም ጨዋ ነው። ድምፁ የማይሰማ፣ ሥራ የማይመርጥ፣ ሌት ተቀን ቢሉት የማይደክመው፣ ሱስ የሌለበት። ልጃችን ካለ እሱ አይሆንልኝም ብላለች» አሉ። አልዋሹም። ሁሉም እውነት ነው።

እኔ ላስቆማቸው እጄን ሳነሣ ጸሐይወርቅ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ያንን ሳይ እጄን መለስኩት።

የልጅቷ አባት ለመጀመሪያ ጊዜ እሺ አይልም። «ልመካከር፣ በሁለት ሳምንት ተመለሱ» ይላል። እኔ ራሴ ስፈራ የነበረው ይህንን ነው፤ ሁለት ሳምንት ከተባልን የሩቲ ቅዳሜ አለፈ። ዘርይሁን ግን የጋሽ ባስልኤልን ጉልበት አየ። ይንቀጠቀጣል። ደግሞ ትልቅ ሰው መሆን አማረው።

«ጋሽ ባስልኤል» አለ፣ «እኔ በሌላው ቤት ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ። እናንተን ግን አላመላልስም። እሺ ብያለሁ። በቃ፣ ይቀመጡልኝ።»

ጋሽ ባስልኤል ዱብ አሉ። እኛም ተቀመጥን። ጸሐይወርቅ ቢላዋ ይዛ ኬኩ ጋ ደረሰች።

«እንግዲህ ልጁን አስተዋውቁን» አለ ዘርይሁን፣ ኪሩን ሳያይ እያየ። «ስሙ ማነው?»

ጋሽ ባስልኤል ወደ ኪሩ ዞሩ። ኪሩ ኬኩን እያየ ነበር። «ስም የለውም» አለ። «ከስተም ነው።» በትእዛዝ የሚገጣጠም ማለቱ ነው።

«ወላጆቹስ?»

«አብዛኛው ነገሩ ከታይዋን ነው።»

ዘርይሁን የወንበሩን ክንድ ጨበጠ። ጸሐይወርቅ ግን ቢላዋውን አስቀምጣ፣ ልስልስ ባለ ድምፅ፣ «ምን አለበት ዘርዬ፣ ታይዋንም የእግዜር ፍጥረት ነው። ልጄን ያክብራት እንጂ» አለች። እስከ ዛሬ ስለዚች ሴት ልብ ስጠየቅ የምመልሰው በዚህች ቃል ነው።

«እዚህ ግን የገጣጠምኩት እኔ ነኝ» አለ ኪሩ።

ከዚህ በኋላ ዝም ማለት ኃጢአት ነው አልኩና ተነሣሁ። «ዘርይሁን፣ የመጣነው ለጋብቻ አይደለም። ሩቲ ኮምፒዩተር እንድትገዛ ልንለምንህ ነው። ያ ከዚህ ቤት አይገባም ያልከው።»

ዘርይሁን ክራቫቱን ላላ አደረገው። ከዚያ እኔን አየኝ፣ ጋሽ ባስልኤልን አየ፣ የመኝታ ቤቱን በር አየ። ይጮኻል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ያዘነ ሰው መሰለኝ፤ ምን ያህል ጓጉቶ እንደነበር ያኔ ገባኝና አፈርኩ። ስንቱን ልጅ የዳረ ሰው፣ በእሱ ቤት ሽማግሌ ሲቆም የመጀመሪያው ነበር።

«ጋሽ ባስልኤል ያውቁ ነበር?» አለ።

«በሽማግሌ ፊት የወጣ ቃል ነው፣ ልጄ» አሉት እሳቸው። መልስ አልነበረም፤ ግን በቂ ነው።

«ቃሌ ቃል ነው» አለ ዘርይሁን። «አልመልሰውም። ግን ያላየሁትን ከቤቴ አላስገባም። ሄጄ አያለሁ፣ የሚመረጠውንም እኔ እመርጣለሁ።» ከዚያ ወደ በሩ ዞሮ፣ «ሩቲ፣ ሰማሽ?» አለ።

«ኦኬ» አለ በሩ።

ሐሙስ ሬክስዴል ሄድን። ዘርይሁን በታክሲው ወሰደን፤ ጋሽ ባስልኤል ከፊት፣ እኔና ሩቲ ከኋላ። ሽማግሌ የጀመረውን ሳይጨርስ አይተውም ብለው ነው የመጡት። ሩቲ መንገዱን ሁሉ ጥፍሯን ስትበላ ነበር። «የትኛው እንደሚሻል ለኪሩ ነግሬዋለሁ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ለአባትሽስ?» ስላት ትከሻዋን ነቀነቀች።

የኪሩ ምድር ቤት የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ የማሞቂያ ቱቦና የሽቦ ክምር ነው። ረጅም ጠረጴዛ ላይ ሁለት ኮምፒዩተር ጎን ለጎን አስቀምጧል። አንደኛው ተራ ጥቁር ሣጥን ነው፤ የጫማ ካርቶን በቁመት ብታቆሙት ያው ነው፣ ስክሪኑም ትንሽ። ሁለተኛው ጎኑ መስታወት ሆኖ ውስጡ ይታያል፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ መብራት ይዞርበታል። ስክሪኑ የግድግዳውን ግማሽ ሸፍኖ ወደ ውስጥ ጎበጥ ብሏል። እውነቱን ልናገር፣ እኔም አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ዘርይሁን ምርመራውን ጀመረ። መጀመሪያ ሁለቱንም እያነሣ ክብደታቸውን ሞከረ። ከዚያ ሐብሐብ እንደሚገዛ ሰው በጣቱ ኳ ኳ አደረጋቸው። ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ለጠፈ።

«ያንኮራፋል?» አለ።

«ዲፔንድ ያደርጋል» አለ ኪሩ፣ እንደ ሁኔታው ነው ለማለት።

«ይሞቃል?»

«ዲፔንድ ያደርጋል።»

«ከዚህ በፊት ሌላ ሰው ቤት ነበር?»

ኪሩ በጥያቄው ግራ ተጋብቶ ሩቲን አየ፣ ሩቲ አፍራ መሬቱን አየች። «አልነበረም» አለ። ይህኛው ዲፔንድ ባለማድረጉ ዘርይሁን ደስ አለው።

እየተመላለሰ ሲያይ ቆየና ባለመብራቱ ፊት ቆመ። «ይኸኛው ነው» አለ። «ቁም ነገር ያለው ይመስላል። ሳሎን ውስጥ አስቀምጠነው እንግዳ ሲመጣ ይታያል። አንዴ ከገባ አይቀር፣ ቤቱን የሚመጥን ይግባ።»

«ግርማ ሞገስ አለው» አሉ ጋሽ ባስልኤል።

«ያምራል» አልኩ እኔም። አሁን ሳስበው ምላሴን ብነቅለው ደስ ይለኛል።

«ሩቲ፣ ጥሩ ነው አይደል?» አለ ዘርይሁን፣ ሳይዞር።

«ኦኬ» አለች ሩቲ።

የልብስ ማጠቢያውን ተደግፋ ቆማ ነበር። እኔ ያኔ ነው ፊቷን ያየሁት፤ ደም የለውም። ያ ማክሰኞ በሬ ላይ ያየሁት ፊት ነው። ስሕተት እየሠራን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፣ ግን ምኑን ብዬ ልናገር? ስለ ኮምፒዩተር የማውቀው መብራቱን ነው።

ጋሽ ባስልኤል ደግሞ እጃቸውን ዘረጉ። ሊመርቁ ነው። እኛ ዘንድ ሽማግሌ መርቆ ሰው አሜን ካለ ነገሩ አልቋል፤ ደረሰኝ ቢኖር ባይኖር ከዚያ ወዲያ የሚያፈርሰው የለም። ሁላችንም ቆመን መዳፋችንን ወደ ላይ ዘረጋን፤ ኪሩ እንኳ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«ከክፉ ዓይን ይሰውረው» አሉ ጋሽ ባስልኤል፣ ባለመብራቱን እያዩ።

«አሜን» አልን።

«ዕድሜና ጤና ይስጠው።»

«አሜን።»

«ውለዱ ክበዱ፤ ለወግ ለማዕረግ...»

«ኖ» አለች ሩቲ።

ጋሽ ባስልኤል እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። በምርቃት መሀል ሰው ሲናገር፣ በዕድሜያቸው ደርሶባቸው አያውቅም።

«ሶሪ፣ ጋሽ ባስልኤል» አለች ሩቲ። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። «አሜን አልልም። ይቅርታ። እኔ አሜን ማለት አልችልም።»

«ምን አልሽ?» አለ ዘርይሁን።

«አባዬ፣ ለእንግዳ አይደለም። ለእኔ ነው። እኔ ያኛውን ነው የምፈልገው፣ ጥቁሩን።»

«ታዲያ ቅድም ስጠይቅሽ ኦኬ አላልሽም?»

«አልጠየቅከኝም። ወስነህ ነው የነገርከኝ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። እኔም ኦኬ እላለሁ፣ ምክንያቱም ምን ብል አትሰማም። ለዚህ ነው ሽማግሌ የላክሁብህ። አባቱን አንድ ነገር ለመጠየቅ ሽማግሌ የሚልክ ልጅ አለ? እኔ ግን ላክሁ። የገዛ አባቴን ማውራት ስላልቻልኩ።»

ዕድሜውን ሁሉ ሰው ሲያስታርቅ የኖረ ሰው ምን እንደሚል ጠፍቶት ቆመ። እንዲህ ሲያፍር አይቼው አላውቅም፤ አሳዘነኝ፣ ግን ደግሞ ይበልህ አልኩ በሆዴ።

ከዚያ ከጥግ አንድ የፕላስቲክ በርጩማ ጎትቶ ተቀመጠ፣ ልጁ ፊት ለፊት። «እሺ» አለ። «ጠየቅኩሽ። ለምን ጥቁሩ?»

ሩቲ መጀመሪያ በሁለት ቃል ልትገላገለው ነበር። እሱ ግን አልተነሣም። ስለዚህ ጀመረች። ግማሹ በአማርኛ ነው፣ ግማሹ በእንግሊዝኛ ነው፣ እጇ ደግሞ በሁለቱም ይናገራል። ባለመብራቱ ለፊልም ነው ጥሩ፣ ሥዕሉ ያምራል፣ ግን ስክሪኑ ዘገምተኛ ነው አለች። የጥቁሩ ስክሪን በሰከንድ ውስጥ ሥዕሉን የሚቀይረው ብዙ እጥፍ ነው። ሰው ከግድግዳ ጀርባ ብቅ ሲል በባለመብራቱ የማየው ዘግይቶ ነው አለች። «እኔ አየሁት ስል እሱ ተኩሶ ጨርሷል። ከሞትኩ በኋላ ነው የማየው፣ አባዬ።»

ዘርይሁን ግንባሩን ቋጠረ። «በረዶ ላይ ፍሬን ረግጠሽ መኪናው ቆይቶ እንደሚይዘው?»

«ኤግዛክትሊ» አለች ሩቲ። እሱ ይህን ይላል ብላ አልጠበቀችም።

«እና ትልቅነቱ?»

«ትልቅ ከሆነ ዓይኔ ዳር ዳሩን ሲፈልግ ጊዜ ይገድላል። ትንሹን ግን በአንዴ አየዋለሁ። የኋላ መስታወት እንደምታየው፣ ጭንቅላትህን ሳታዞር።»

«መብራቱስ ምንም አይሠራም?»

«ምንም።»

ዘርይሁን ወደ ኪሩ ዞረ። «እውነት ነው?»

ኪሩ አፉን ከፈተ። «ዲፔንድ ያደርጋል ብትለኝ በዚህ ሽቦ ነው የማንቅህ» አልኩት።

«እውነት ነው» አለ ኪሩ።

ዘርይሁን ተነሥቶ ጥቁሩን ሣጥን ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «እንግዲህ ይኸኛው ነው» አለና፣ መልሶ፣ «ነው አይደል?» አለ። ይህን ጊዜ ዞሮ ነው የጠየቃት።

«ነው» አለች።

አንድ ችግር ግን ቀረ። ጋሽ ባስልኤል እጃቸውን አላወረዱም ነበር። «ምርቃቱ ግማሹ ያኛው ላይ ወርዷል። ምርቃት ደግሞ አይመለስም» አሉ፣ በጣም ተጨንቀው። ብዙ ተመከረ። በመጨረሻ ባለመብራቱ የተባለለትን ይዞ እንዲቀር፣ ጥቁሩ ደግሞ ከአዲስ እንዲመረቅ ተስማማን። ኪሩ ስለ ባለመብራቱ ቅር አላለውም፤ «ብለስድ ነው፣ የተመረቀ ነው ብዬ እሸጠዋለሁ» አለ። ጋሽ ባስልኤል እንደገና ጀመሩ፣ «ውለዱ ክበዱ» የሚለውን አሁንም አልዘለሉትም። ከሁላችን በላይ ጮክ ብላ አሜን ያለችው ሩቲ ናት።

ቅዳሜ ከሰዓት ፈተናው ደረሰ። ሁሉም በየቤቱ ሆኖ ነው የሚጫወተው፤ ስለዚህ ጋሽ ባስልኤልና እኔም እነ ዘርይሁን ቤት ተጠራን። ጥቁሩ ሣጥን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ጸሐይወርቅ ማቀዝቀዣውን ሳይቀር ነቅላዋለች፣ ድምፁ ልጄን ይረብሻታል ብላ። ዘርይሁን ወንበሩን ከሩቲ ኋላ አድርጎ፣ እጁን አጣምሮ ተቀመጠ።

ጨዋታው ተጀመረ። ስክሪኑ ላይ ሰው ይሮጣል፣ ግድግዳ ይፈርሳል፤ እኔ ማን የማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ግን ስክሪኑን ማን አየ? ሁላችንም የምናየው ሩቲን ነበር። ማዳመጫዋን አድርጋ ታዝዛለች። «ሊዮ፣ ተመለስ፤ ግራ፣ ግራውን ያዙት፤ አትተኩሱ፣ ቆዩ፤ አሁን» ትላለች በእንግሊዝኛ፣ ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ፣ ሳትቸኩል። ከእሷ የሚበልጡ ወንዶች ቁሙ ስትላቸው ይቆማሉ፣ ሂዱ ስትላቸው ይሄዳሉ። አንዱ ሲሳሳት ሳትሰድበው በሁለት ቃል ታስተካክለዋለች። አባቷ ባልና ሚስት ሲያስታርቅ የሚናገረው እንደዚያ ነው።

ዘርይሁን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ጠጂ፣ ይህቺ ልጅ እንዲህ ትናገራለች?» አለኝ።

«ሁልጊዜ» አልኩት። ዓይኑ ሲሞላ አየሁ። እኔም አላስቻለኝም።

ጨዋታው ሲያልቅ ሩቲ ማዳመጫዋን ይዛ ጥቂት አዳመጠች። ከዚያ አወለቀችው። «ገባሁ» አለች። «ሊዮ ቲሙ ውስጥ ነሽ አለኝ።»

ጸሐይወርቅ እልል ብላ አቀፈቻት። ጋሽ ባስልኤል እጃቸውን ሊዘረጉ ሲሉ ያዝኳቸው፤ የበቃ ምርቃት ወርዷል። እኔ ዘርይሁን ተነሥቶ ንግግር ያደርጋል ብዬ ስጠብቅ፣ እሱ ወንበሩን ወደ ልጁ ሳበ።

«ያን ጊዜ» አለ፣ «ሦስት ሆነው በር ላይ ሲመጡባችሁ፣ ልጆቹ ሁሉ ወደ ፊት ሲሉ አንቺ ለምን ተመለሱ አልሽ?»

ሩቲ አየችው። የምሩን መሆኑን ለማጣራት ነው መሰለኝ ፊቱን መረመረች። ከዚያ ወንበሯን አዞረችና ነገረችው። ሲጠይቃት ነገረችው፣ አልገባኝም ሲላት መልሳ ጨዋታውን ከፍታ አሳየችው። «እዚህ ጋ እኔ ብሆን በኋላው በር እዞር ነበር» ሲላት ሳቀችና፣ «ዛት ኢዝ ሶ ዳምብ፣ አባዬ፣ ጅልነት ነው» አለችው፣ እሱም ሳቀ። ጸሐይወርቅ ምግብ አቅርባ ሁለት ጊዜ ጠራቻቸው። ሁለቱም አልሰሟትም።

እኛ በልተን ጨረስን። ጋሽ ባስልኤል ጉልበታቸውን እያሹ «እንሂድ መሰለኝ» አሉኝ። ዘርይሁን እንግዳ ሳይሸኝ አያውቅም፤ ሊፍት ድረስ፣ ብርድ ቢሆን መኪናው ድረስ ይወርዳል። ቆመን ጠበቅነው። ካፖርታችንን ለብሰን ጠበቅነው። «ደህና ዋሉ» አልን ጮክ ብለን። አባትና ልጅ ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ ጭንቅላታቸውን ስክሪኑ ላይ ደፍተው ይከራከራሉ። የላከችንም የተቀበለንም ሽማግሌ መኖሩን ረስተዋል።

በሩን ራሳችን ከፍተን ወጣን፣ ቀስ ብለንም ዘጋነው።